ሁለት ቋንቋ በአንድ ሼል፦ ዳታው ሲሻገር ምን ይሆናል?

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ተርሚናል ከፍቶ የሚውል ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ስለሚደርስበት ነገር ነው፤ ሁለት የስክሪፕት ቋንቋዎችን በአንድ ሼል፣ ማለትም ትዕዛዝ ተቀብሎ በሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ውስጥ አብሮ ስለማሠራት። ፋይል ለመፈለግ፣ ለማዛወር፣ ፕሮግራም ለማስነሳት ባሽ የተባለውን ሼል የሚያህል የለም። ጽሑፍ ለመተንተን፣ ቁጥር ለማገላበጥ ደግሞ ፓይተን ይመቻል። ሠንጠረዥና ስታቲስቲክስ ሲመጣ አር የተባለው ቋንቋ አለ። ሥራው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሰው በመሃል ፋይል ይጽፋል፣ ሌላ መስኮት ይከፍታል፣ ያንኑ ፋይል መልሶ ያነባል። አንዲት ትንሽ ሐሳብ ለመሞከር ይህ ሁሉ መመላለስ ነው። ማሰልቸቱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የጀመሩትን ሐሳብ ያስጥላል።

ታዲያ ሁለቱን ቋንቋ አንድ ቦታ ማኖር ያዋጣል ወይ? በደንብ ያዋጣል። አጥብቄ የምደግፈው ነገር ነው። ይህ ጉዳይ ሲነሳ ግን ወሬው ቶሎ ወደ አጻጻፉ ይሄዳል። የዶላር ምልክቱ ለማን ይሁን? መስመሩን የሚዘጋው ምንድን ነው? ቅንፍ ይኑር አይኑር? እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው፤ ሰው በሳምንት ይለምዳቸዋል። ከባዱ ነገር ዳታው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ኬላ አለ። ኬላው ላይ የሚያልፈው ራሱ ዕቃው ነው ወይስ ኮፒው? ሲያልፍ መልኩ ይለወጣል? ከተለወጠስ የሚነግረን አለ? እኔ ሁለት ቋንቋ የሚያሠራ ሼልን የምመዝነው በዚህ ነው። ኬላውን የሚያሳይ ሼል ጥሩ ነው። የሚደብቅ ሼል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አንድ ቀን የተሳሳተ ውጤት ያስይዛችኋል።

ከጥንቱ እንነሳ። ዩኒክስ ላይ ፓይፕ የመጣው በ1973 ነው። ሐሳቡ የዳግ ማክልሮይ ነበር፤ ኮዱን ጽፎ ሥራ ላይ ያዋለው ኬን ቶምፕሰን ነው። የአንዱ ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ለሌላው ግብዓት ይሆናል። በፓይፑ ውስጥ የሚያልፈው ባይት ብቻ ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ ሊስት የሚባል ነገር የለም። ይህ ድህነት ሊመስል ይችላል፤ ጥንካሬውም ግን እሱ ነው። ባይት ማንበብና መጻፍ የሚችል ቋንቋ ሁሉ መግባት ይችላል። ከ1973 በኋላ የተፈጠሩ ቋንቋዎች ሁሉ ማንንም ሳያስፈቅዱ የገቡት በዚህ በር ነው።

ዋጋው ደግሞ አለ። ባሽ ውስጥ የፋይል ስሞችን ዘርዝራችሁ ወደ ፓይተን ስትልኩ፣ ሊስት የላካችሁ ይመስላችኋል። የላካችሁት አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው። ፓይተን በየመስመሩ ቆርጦ ሊስት ያደርገዋል። ግን ዩኒክስ ላይ የፋይል ስም ውስጥ መግባት የማይችሉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ የዜሮ ባይትና ወደፊት ያዘነበለው ሰረዝ። አዲስ መስመር ይገባል። እንዲህ ያለ ስም ያለው አንድ ፋይል ሲመጣ አንዱ ሁለት ይሆንና ሁለቱም የሌሉ ፋይሎች ይሆናሉ። ለዚህ ነው ፋይል ፈላጊው ፕሮግራም ስሞቹን በዜሮ ባይት ለይቶ የሚያወጣበት አማራጭ ያለው። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። መጠቀም ይገባል።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ላፕቶፕ የያዘ ሰው እዚሁ ሊሞክረው ይችላል። ፓይተን ውስጥ ቲኬኢንተር የሚባል መስኮትና በተን መሥሪያ ላይብረሪ አለ። ይህ ላይብረሪ በውስጡ የሌላ ቋንቋ ሙሉ ተርጓሚ ይዟል፤ ቲክል ይባላል። ቲክልን ጆን ኦስተርሃውት በ1988 አካባቢ በበርክሌይ የሠራው ገና ከመነሻው ሌላ ፕሮግራም ውስጥ እንዲገባ አስቦ ነው። ማለትም ቲኬኢንተርን የተጠቀመ ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ሁለት የስክሪፕት ቋንቋ በአንድ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ባለ አንድ ፕሮግራም፣ ውስጥ አሠርቷል። መስኮት ሳትከፍቱ ቲክልን ብቻ አስነሱና ኢቫል በተባለው ትዕዛዝ 3 ሲደመር 4 አስሉት። መልሱ 7 ነው። ግን የመጣውን 7 ዓይነቱን ጠይቁት። ስትሪንግ ነው። ጽሑፍ ማለት ነው፤ በላዩ ላይ 1 ልደምር ብትሉ ፓይተን እምቢ ይላል።

ይህን ምሳሌ የምወደው ኬላው በግልጽ ስለሚታይ ነው። በቲክል ዘንድ ዋጋ ሁሉ እንደ ስትሪንግ ሊታይ ይችላል። ለፓይተን ቁጥር ሌላ፣ ጽሑፍ ሌላ ነው። ሁለቱም የራሳቸውን ሕግ ጠብቀዋል፣ ማንም አልተሳሳተም። መወሰን ያለበት የሚያሻግረው ሰው ነው። ፓይተንም እምቢ በማለቱ ውሳኔውን ለእናንተ ተወላችሁ። ጎበዝ።

ወደ ዕለት ሥራችን ልመለስ። አይፓይተን የተባለውን የፓይተን መሥሪያ ሼል ፈርናንዶ ፔሬስ የጀመረው በ2001 ነው። በኋላ፣ በ2014፣ ጁፒተር የተባለው ኖትቡክ መሥሪያ የወጣው ከእሱ ነው። አይፓይተን ውስጥ መስመሩን በቃለ አጋኖ ከጀመራችሁ የቀረው ወደ ሼል ይሄዳል። ውጤቱን ለፓይተን ቫሪያብል መስጠት ትችላላችሁ፤ በመስመር የተከፋፈለ ሊስት ሆኖ ይመጣል። በተቃራኒውም የፓይተን ቫሪያብል በዶላር ምልክት ወደ ሼል ትዕዛዝ ይገባል። አጭር ነው፣ ደስ ይላል። እኔም ሁሌ የምጠቀምበት ነው።

አንድ ነገር ግን ጀማሪን ሁሉ ግራ ያጋባል። በቃለ አጋኖ ጀምራችሁ ፎልደር ቀይር ትላላችሁ። ስህተት አይመጣም። የት ነው ያለሁት ብላችሁ ስትጠይቁ ግን እዚያው የነበራችሁበት ናችሁ። ለምን? እያንዳንዷ የቃለ አጋኖ መስመር ለራሷ አዲስ ሼል ታስነሳለች። ያ ሼል ፎልደሩን በእውነት ቀይሯል። ከዚያ ሥራውን ጨርሶ ሞተ፤ የቀየረውም አብሮት ሄደ። ለዚህ ነው አይፓይተን ፎልደር መቀየሪያ ብሎ በፐርሰንት ምልክት የሚጀምር የራሱ ትዕዛዝ ያለው። እሱ የሚቀይረው ፓይተን ያለበትን ፕሮሰስ ነው። ከላይ ሲታይ አንድ ሼል ነው፤ ከሥሩ ግን በየመስመሩ ፕሮሰስ እየተወለደ ይሞታል። ይህን ያወቀ ሰው ከብዙ መላ ምት ይድናል።

በ2015 የወጣው ኮንሽ የተባለው ሼል ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። አንቶኒ ስኮፓትዝ የጀመረው ነው። እዚህ ሼሉ ራሱ ፓይተን ነው። ምልክት ሳታስቀድሙ የፓይተን መስመርም የሼል ትዕዛዝም ትጽፋላችሁ፤ የትኛው እንደሆነ ሼሉ ራሱ ይወስናል። እንዴት ነው የሚወስነው? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

የፎልደር ይዘት በዝርዝር የሚያሳየውን የታወቀ ትዕዛዝ ታውቁታላችሁ፤ ኤልኤስ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ኤል። ይህን ኮንሽ ላይ ብትጽፉ ፋይሎቹን ይዘረዝራል። አሁን ኤልኤስ የሚባል ቫሪያብል ፍጠሩና 10 ስጡት። ኤል የሚባልም ፍጠሩና 3 ስጡት። ከዚያ ያንኑ መስመር ድገሙት። የፋይል ዝርዝር የለም። መልሱ 7 ነው። ሰረዟ መቀነሻ ሆነች ማለት ነው። ኤልኤስ የተባለውን ቫሪያብል አጥፉትና እንደገና ሞክሩ፤ ፋይሎቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

ኮንሽን ለመንቀፍ አይደለም። ሕጉ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ግልጽ ሕግ ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ቋንቋ ያለ ምልክት ከፈቀዳችሁ እንዲህ ያለ ሕግ ግዴታ ነው። ነጥቡ የመስመሩ ትርጉም ከመስመሩ ውጭ ባለ ነገር መወሰኑ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት የሰየማችሁት ቫሪያብል ዛሬ የምትጽፉትን ትዕዛዝ ይቀይረዋል። ለፈጣን ሥራ ይመቻል። ለሚቀመጥ ስክሪፕት ግን እኔ ምልክት ያለውን አጻጻፍ እመርጣለሁ። ኮንሽም ይህን ይሰጣል፤ የሼል ትዕዛዝ ውጤትን ወደ ፓይተን የሚያመጣ በዶላር የሚጀምር ቅንፍ አለው፣ የፓይተንን ዋጋ ወደ ሼል የሚወስድ በኤት ምልክት የሚጀምር ቅንፍም አለው። ጥቂት ቁምፊ መጨመር ነው። ያነበበ ሰው ኬላው የት እንዳለ ወዲያው ያያል።

የዜሮን ነገርም ማንሳት አለብኝ። በሼል ዓለም ፕሮግራም ሲያልቅ ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር ይመልሳል። 0 ማለት ተሳካ ነው። ፓይተን ውስጥ 0 ማለት ሐሰት ነው። የትዕዛዙን ውጤት ወስዳችሁ ከተሳካ ብላችሁ በጥሬው ከጻፋችሁ፣ ሲሳካ አልተሳካም፣ ሳይሳካ ደግሞ ተሳካ ይላችኋል። ይባስ ብሎ የፓይፕ ውጤት በተለመደው አሠራር የመጨረሻው ፕሮግራም ውጤት ብቻ ነው። የሌለ ፋይል እንዲያነብ አንዱን ፕሮግራም ጠይቁ፤ ውጤቱን መስመር ለሚቆጥር ፕሮግራም ስጡ። አንባቢው ይወድቃል። ቆጣሪው ምንም ስላልደረሰው 0 መስመር ብሎ በሰላም ይጨርሳል። ለፓይተን የሚደርሰው ሁሉም ተሳክቷል፣ መስመሩ 0 ነው የሚል ወሬ ነው። ባሽ ላይ ፓይፕፌል የሚባለውን አማራጭ ማብራት ለዚህ መድኃኒት ነው። ሁለት ቋንቋ በምታቀላቅሉበት ቦታ ሁሉ አብሩት።

እስካሁን ያየናቸው፣ ከቲክል በስተቀር፣ ሁለት ፕሮሰስ ናቸው። በመካከላቸው ባይት ያልፋል። ሁለቱ ቋንቋ በአንድ ፕሮሰስ፣ በአንድ ሜሞሪ ሲኖሩስ? ፓይተንና አርን እንውሰድ።

አር በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተሠራ ነው፤ ሥሩ ደግሞ በ1976 በቤል ላብስ የተጀመረው ኤስ የተባለ ቋንቋ ነው። አር ውስጥ ሬቲኩሌት የሚባል ፓኬጅ አለ። እሱን ስትጠሩ እዚያው አር ውስጥ ፓይተን ይነሳል። ከአር ወደ ፓይተን ትገባላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ውጣ ብላችሁ ወደ አር ትመለሳላችሁ። በአር የፈጠራችሁት ሠንጠረዥ ከፓይተን በኩል ይታያል፤ በፓይተን የፈጠራችሁት ከአር በኩል። መጠየቂያ ምልክቱም ይቀየራል። አር ላይ አንድ ቀስት፣ ፓይተን ላይ ሦስት። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ታግዛለች። ሁልጊዜ የማን ቋንቋ ላይ እንዳላችሁ ዓይናችሁ ያውቃል።

ግን አር ሲፈጠር ነጠላ ቁጥር የሚባል ነገር የለውም። ሁሉም ቬክተር ነው። 3 ማለት አንድ አባል ያለው ቬክተር ነው። ፓይተን ነጠላ ዋጋና ሊስትን ይለያል። ስለዚህ ኬላው ላይ ውሳኔ መሰጠት አለበት። ሬቲኩሌት የወሰነው እንዲህ ነው፤ አንድ አባል ያለው ነጠላ ዋጋ ይሁን፣ ከአንድ በላይ ያለው ሊስት ይሁን። ምክንያታዊ ነው።

አሁን የፋይል ስሞች የያዘ ቬክተር ወደ ፓይተን ላኩ፤ ፓይተን ውስጥ ያለ ፈንክሽን በየስሙ እየዞረ ፋይሉን ይክፈት። ሁለት ፋይል ሲኖር ይሠራል። አሥር ሲኖር ይሠራል። አንድ ቀን ፋይሉ አንድ ብቻ ይሆናል። ያኔ ወደ ፓይተን የሚደርሰው ሊስት ሳይሆን ስትሪንግ ነው። ፓይተን ደግሞ በስትሪንግ ላይ መዞር ይችላል፤ ፊደል በፊደል። ፈንክሽኑ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንደ ፋይል ስም ይዞ ሊከፍት ይሄዳል። ፋይሉ የለም የሚል ስህተት ከመጣ እድለኛ ናችሁ። ፈንክሽኑ ዝም ብሎ የሚቆጥር ከሆነ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመላካችሁ በፊት አር ላይ ቬክተሩን ወደ ሊስት ቀይሩት። ይህን መፍትሔ የሚፈልገው ግን ኬላ መኖሩን ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

ያልተገኘ ዋጋም እንዲሁ ነው። አር የጠፋ ዳታን የሚያሳይበት የራሱ ምልክት አለው። ለኢንቲጀር ከሥር የሚያስቀምጠው በ32 ቢት የመጨረሻውን ትንሽ ቁጥር ነው፤ ከዜሮ በታች 2147483648። አር ራሱ ይህን ስለሚያውቅ ጠፍቷል ብሎ ያሳያችኋል። የሚያሻግረው ኮድ ሜሞሪውን እንዳለ አንስቶ ከሰጠ ግን በሌላው በኩል ተራ ቁጥር ነው። አማካይ ስታሰሉ ይደመራል። ዕድሜ ወይም ሙቀት ከሆነ ወዲያው ያስደነግጣችኋል፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ግዙፍ ከሆኑ ግን ላይታወቅ ይችላል።

አር ከ1፣ ፓይተን ከ0 እንደሚቆጥሩ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልቆይበትም። አንድ ምክር ብቻ፤ የቦታ ቁጥር አታሻግሩ። ዋጋውን ወይም ስሙን አሻግሩ።

በአንድ ፕሮሰስ መኖር ሌላም ጣጣ አለው። አሁን ያላችሁበት ፎልደር የፕሮሰሱ እንጂ የቋንቋው አይደለም። ፓይተን ውስጥ ፎልደር ከቀየራችሁ አርም አብሮ ተዛውሯል። ከአይፓይተኑ ቃለ አጋኖ ጋር አስተያዩት፤ እዚያ ምንም አይቀየርም፣ እዚህ ለሁለቱም ይቀየራል። ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ፕሮሰስ ሲነሳ የሚወርሳቸው ቅንብሮች፣ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ፓይተን ሲነሳ ኮፒ አድርጎ ይይዛቸዋል። ከዚያ በኋላ ያው ፕሮሰስ ውስጥ ያለ ሌላ ቋንቋ በራሱ መንገድ ቢቀይራቸው ፓይተን በያዘው አሮጌ ኮፒ ይቀጥላል። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ቋንቋ ከመነሳቱ በፊት፣ አስተካክሉ። መሃል ላይ አትነካኩ።

የሕትመት ቅደም ተከተልም አለ። ሁለቱ ቋንቋዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቋት፣ ማለትም ውጤት ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ሊኖራቸው ይችላል። ተርሚናል ላይ ሲሆን ፓይተን በየመስመሩ ያወጣል። ውጤቱ ወደ ፋይል ወይም ፓይፕ ሲሄድ ግን አጠራቅሞ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ የታተመው ኋላ ይመጣል። ሎግ እያነበበ ስህተት የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን አምኖ በተሳሳተ ቦታ ይቆፍራል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ከማለፋችሁ በፊት ቋቱን ማፍሰስ ልማድ ይሁን። ፕሮግራም ለማስቆም የምንጫነው ኮንትሮል ሲም ቢሆን እንዲያው ነው። በአንድ ፕሮሰስ ለአንድ ሲግናል አንድ ተቀባይ ብቻ ነው ያለው፤ መጨረሻ የተመዘገበው ይወስዳል። አቁም ብላችሁ የማይቆም ሼል ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

ስለ ፍጥነት የሚጠይቅ አይጠፋም። ትልቅ ሠንጠረዥ በየጊዜው ኮፒ ማድረግ ያስቸግራል። በ2016 የተጀመረው አፓቺ አሮው የመጣው ለዚሁ ነው፤ ሁለቱም ቋንቋ የሚያነቡት አንድ የሜሞሪ አቀማመጥ፣ ኮፒ ሳያስፈልግ። ጠፍቶ ላለ ዋጋም ለብቻው ምልክት ያስቀምጣል፤ ማንኛውንም ቁጥር ለዚያ አይሠዋም። ቅድም ያልኩት የ2147483648 ችግር በዚህ መንገድ ይቀራል። እኔ በፍጥነቱ ከሚደሰቱት በላይ በዚህኛው እደሰታለሁ። ሠንጠረዥ የምታሻግሩ ከሆነ በዚህ አሻግሩ።

ነገ ሁለት ቋንቋ የሚያሠራ ሼል ለማዘጋጀት ካሰባችሁ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት ዋጋዎችን ወዲያና ወዲህ አመላልሳችሁ እዩ። ባዶ ሊስት ላኩ። አንድ አባል ብቻ ያለው ሊስት ላኩ። የጠፋ ዋጋ ያለበት የኢንቲጀር ዓምድ ላኩ። 9007199254740993 የሚለውን ቁጥር ላኩ፤ በ64 ቢት የነጥብ ቁጥር ውስጥ ካለፈ መጨረሻው 2 ሆኖ ይመለሳል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍም ላኩ። በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ፣ ባይትን እንደ ፊደል የሚቆጥር ወይም መሃሉ ላይ የሚቆርጥ ኮድ ካለ ወዲያው ይጋለጣል። አዲስ መስመር ያለበት የፋይል ስም ጨምሩበት። የሰዓት ቀጠና ያለው ቀንም አይቅር። የተመለሰውን ከላካችሁት ጋር አወዳድሩ፤ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም። ይህን በአንድ አጭር ስክሪፕት ጽፋችሁ አስቀምጡትና ከሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ወይም የሚያገናኛቸውን ፓኬጅ ባሳደጋችሁ ቁጥር አስኪዱት። የመለወጫ ሕጎቹ ከቨርዥን ቨርዥን ይቀየራሉ።

አሁን ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ያውጣ፤ ላፕቶፕ ከፍቶ የሞከረ ካለ ከእሱ እንጀምር።